ኳሷ የታለች?

አባዬ ኳስ የሚያየው ተኝቶ ነው። ፍራሹ ላይ በጎኑ ጋደም ይልና አንድ ትራስ ብብቱ ሥር ይወትፋል። ጨዋታው ካልጣመው ዐይኑን ጨፍኖ ይሰማል። የሬዲዮ ዘመን ሰው ነው። በ1980 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ዚምባብዌን በፍጹም ቅጣት ምት አሸንፋ የሴካፋን ዋንጫ ስትወስድ፣ እሱ እዚሁ ደሴ ሆኖ በደምሴ ዳምጤ ድምፅ ነው የተከታተለው። እስከ ዛሬ ግን "አየሁት" ይላል እንጂ "ሰማሁት" ብሎ አያውቅም።

ይህ ሰው የካቲት 13 ቀን 2006 ዓ.ም. ማታ ከጋደመበት ተነስቶ ቁጭ አለ።

ከምሽቱ ሁለት ሰዓት አልፏል። ሪሞቱን ይዤ ለእሱ ኳስ እየፈለግኩ ነው። ዲሹን ነፋስ ትንሽ ስላዞረው ግማሹ ቻናል "ሲግናል የለም" ይላል። በመሀል አንድ የአውሮፓ ጣቢያ ላይ ነጭ ሜዳ መጣ። እንደ ታጠበ ሰሃን ያብረቀርቃል። ላዩ ላይ ሰዎች ይከንፋሉ። ትከሻቸው የበር ያህል ነው። ፊታቸው በሽቦ ተሸፍኗል። አንዷ ዞር ስትል ግን ከቆቧ ሥር ረጅም ሹሩባ ብቅ አለ።

"ሴቶች ናቸው እንዴ?" አለ አባዬ።

ናቸው። የሶቺ የክረምት ኦሊምፒክ የሴቶች አይስ ሆኪ ፍጻሜ ነበር። ካናዳና አሜሪካ።

"ኳሷ የታለች?"

ይህን ጥያቄ ከዚያ ማታ ወዲህ ስንቴ እንደሰማሁት እንጃ። ኳሷ ኳስ አይደለችም። ጠፍጣፋ ጥቁር ጎማ ናት፤ ፓክ ይሏታል። ስፋቷ 7.62 ሴንቲ ሜትር፣ ውፍረቷ 2.54 ሴንቲ ሜትር። ክብደቷ ቢበዛ 170 ግራም ነው። እንዳትነጥር ብለው ከጨዋታ በፊት ፍሪዘር ውስጥ ያስቀምጧታል። ይህን ሁሉ ያወቅኩት ኋላ ነው። ያን ማታ በኛ ባለ 21 ኢንች ቴሌቪዥን ላይ የዝንብ ያህል ነበረች። ዝንብስ እንኳ አንዳንዴ ታርፋለች።

"አንቺ ትታይሻለች?"

"አዎ" አልኩ። ውሸቴን ነው።

"እንግዲያው ንገሪኛ!"

የኮሜንታተርነት ሥራዬ እንዲህ ተጀመረ። የማየው ሰዎቹን ብቻ ነበር። ሁሉም ወደሚያዩበት እያየሁ፣ ፓኳ እዚያ ትሆናለች ብዬ እየገመትኩ አወራሁ። አብዛኛውን ጊዜ ልክ ነበርኩ። ስሳሳትም የሚያርመኝ አልነበረም።

የቸገረኝ ሌላ ነገር ነው። አፌ ውስጥ ያለው አማርኛ የእግር ኳስ አማርኛ ነው። "አቀበለች"፣ "መታች"፣ "በረኛዋ አዳነች" እስከሚለው ድረስ ያስኬዳል። ከዚያ በኋላ አያስኬድም። ድንገት የአንዱ ቡድን ተጫዋቾች ሜዳውን ጥለው፣ አጥር እየዘለሉ ወጡ። ሌሎች አጥር እየዘለሉ ገቡ። ጨዋታው አልቆመም። ቁጥር ያለው ሰሌዳ ከፍ ያደረገ ሰውም የለም። አባዬ ተጣልተው የሄዱ መሰለው።

"ምን ሆነው ነው? ቀይ ነው?"

"ቅያሬ ነው።"

"አሁን አልነበር የገቡት?"

መልስ አልነበረኝም። መልሱ የመጣው ከእቴቴ ነው። እቴቴ የአባዬ ታላቅ እህት ናት። ጓዳ ሆና ቡና እየቆላች ነበር። መጀመሪያ በረዶ ላይ እንደሚጫወቱ ስነግራት "እና እስኪያባራ አይጠብቁም?" ብላኛለች። አልፈርድባትም። በእኛ ቤት በረዶ ማለት ሐምሌ ላይ ቆርቆሮ የሚደበድበው፣ ባቄላውን የሚያጭደው ነው። ደሴ ብርድ አታጣም፤ ውርጩንም እናውቃለን። ሰው የሚሸከም የረጋ ውሃ ግን ደሴ ላይ አላየሁም። ከሰማይ የሚወርደውንም፣ ፍሪዘር ውስጥ ያለውንም፣ እነዚህ ሴቶች የቆሙበትንም አንድ ላይ በረዶ ብለን ነው የምንጠራው።

እቴቴ የሚጨሰውን ብረት ምጣድ ይዛ ልታሸተን ስትመጣ ቅያሬውን አየችው። "እስክስታ አይደል እንዴ?" አለች። "ሠርግ ላይ ሁለት ሁለት እየሆናችሁ መሀል ትገቡ የለም? ሲደክማችሁ ሌላው ይገባል። ከበሮው ይቆማል?"

አይቆምም። አንዲት ተጫዋች አንድ ጊዜ ስትገባ በረዶው ላይ የምትቆየው ከ40 እስከ 50 ሰከንድ ቢሆን ነው። ያለ የሌለ ጉልበቷን አውጥታ ስለምትሮጥ ከዚያ በላይ እግር አይችልም። ትወጣለች፣ ትተነፍሳለች፣ ትመለሳለች። ከዚያ ማታ ጀምሮ እኛ ቤት ይህ ቅያሬ "ከበሮው ሳይቆም" ይባላል።

ሌላውም ስም እንዲሁ እየተጠራቀመ መጣ። ጥፋት ያጠፋች ተጫዋች ሁለት ደቂቃ የምትቀመጥባት የመስታወት ክፍል "እስር ቤት" ሆነች። እሷ እስክትፈታ ቡድኗ በአንድ ሰው ጎድሎ ይጫወታል። አባዬ ይህን ሕግ ወደደው። "ለኳስም ቢያደርጉት ማን ይሸወዳል" አለ። በእረፍት ሰዓት ዛምቦኒ የሚባል መኪና ይገባል። የተቧጨረውን በረዶ ይልጣል፣ ያጥባል፣ ከኋላው ስስ ሙቅ ውሃ እያፈሰሰ ይሄዳል። ውሃው ወዲያው ይረጋና ሜዳው እንደ አዲስ ይሆናል። እቴቴ አንዴ አየችውና "ለቀለቁት" አለች። የመሬት ቤት በአዛባ ለቅልቆ ያደገ ሰው ሌላ ማብራሪያ አይፈልግም።

ከሁሉ የምወደው ግን ይኼ ነው። አባዬ "ሁለተኛው አጋማሽ ነው?" ሲለኝ፣ አጋማሽ እንደሌለው፣ ጨዋታው ሦስት ጊዜ 20 ደቂቃ እንደሆነ ነገርኩት። "ሦስት?" አለች እቴቴ ጀበናውን እያቀረበች። "አቦል፣ ቶና፣ በረካ በሉታ!"

አልን። እስከ ዛሬም እንላለን።

በረካው ሊያልቅ ሦስት ደቂቃ ተኩል ሲቀረው አሜሪካ 2 ለ 0 ትመራ ነበር። አባዬ ተመልሶ ጋደም ብሏል። ከዚያ የካናዳዋ ብሪያን ጄነር መታች፣ የአንዷን ተከላካይ ጉልበት ነክቶ ገባ። 2 ለ 1። አባዬ በክርኑ ተደገፈ። ካናዳዎች ቀጥለው ያደረጉትን ስነግረው እንደቀለድኩ ነው የቆጠረው። በረኛቸውን አወጡ። በእሷ ቦታ አጥቂ አስገቡ። ጎሉ ባዶውን ቀረ።

"በረኛዋ ሸሸች?"

"አውጥተዋት ነው። አንድ ሰው ለመጨመር።"

"አብደዋል።"

አሜሪካዊቷ ኬሊ ስታክ ፓኳን ከራሷ ሜዳ ወደፊት ሰደደቻት። ያኔ ነው ፓኳን መጀመሪያ በዐይኔ ያየኋት። በአካባቢዋ ማንም ስላልነበረ ጎልታ ታየች። በዚያ ነጭ ላይ ብቻዋን፣ ወደ ባዶው ጎል፣ እየተንሸራተተች። "እያየኋት ነው" ብዬ ጮህኩ። እስከዚያ ድረስ አላይም እንደነበር በራሴ አፍ መሰከርኩ ማለት ነው። ደግነቱ ማንም ልብ አላለም። ፓኳ ደረሰች፤ የግራውን ብረት ገጨችና ወጣች። ስንዝር ቀኝ ብትል ኖሮ ሜዳሊያው የአሜሪካ ነበር።

54.6 ሰከንድ ሲቀር ማሪ ፊሊፕ ፑላን አቻ አደረገች። በጭማሪው ሰዓት አሜሪካዊት እስር ቤት ሆና ሳለ ማሸነፊያውን ያገባችውም ፑላን ናት። 3 ለ 2። አራት ዓመት ቀደም ብሎ ቫንኩቨር ላይ ካናዳ 2 ለ 0 ስታሸንፍ ሁለቱንም ጎል ያስቆጠረች ልጅ እንደሆነች ያወቅኩት በማግስቱ ነው። የአሜሪካ ልጆች በረዶው ላይ ተንበርክከው ያለቅሳሉ። አባዬ አያቸውና "በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ" አለ። ቀጥሎም፣ በራሱ ነገር ተገርሞ፣ "ይሄማ ገና ነው እኮ!" አለ።

እውነቱን ነው። ጫፉ የቆለመመ ዱላ፣ እሩር፣ ሁለት ወገን፣ የሚጋጭ ክርን። ወረኢሉ አያቴ ዘንድ አንድ የልደት ሰሞን ወንዶቹ ሜዳ ሲጫወቱ እኛ ሴቶቹ ዳር ቆመን እናይ ነበር። እሩሯ ተንከባልላ እግሬ ሥር መጣች። ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ዱላ የለኝም። በእግሬ መታኋት። እሩር እንጨት ናት፤ ጣቴ ለሳምንት አበጠ። አያቴ ቅቤ እየቀቡኝ "ሴት ልጅ ገና አትገባም" አሉኝ። ክፉ ሰው አልነበሩም። እሳቸውም የተነገራቸውን ነው የነገሩኝ።

ለዚህ ይመስለኛል ስለ ሴቶች ሆኪ ታሪክ ሳነብ አንድ ነገር ላይ የቆምኩት። የመጀመሪያው የሴቶች የዓለም ሻምፒዮና የተካሄደው እ.ኤ.አ. በ1990 ኦታዋ ላይ ነው። ስምንት አገሮች ተሳተፉ፣ ካናዳ አሜሪካን 5 ለ 2 አሸነፈች። የካናዳ ሴቶች የለበሱት ግን የአገራቸውን ቀይ አይደለም። ሮዝ አለበሷቸው! የዓለም ሻምፒዮን የሆኑት በሮዝ ነው። ኦሊምፒክ የገቡት ደግሞ ከስምንት ዓመት በኋላ፣ ናጋኖ ላይ ነው። ወንዶቹ ከ1920 ጀምሮ እዚያ ነበሩ።

ሰው ሁሌ የሚያነሳው ሌላ ነገር በአካል መግጨት ነው። ወንዶቹ ይፈቀድላቸዋል። ሴቶቹም ኦታዋ ላይ ተፈቅዶላቸው ነበር፣ ከዚያ በኋላ ተከለከለ። "ስለዚህ ለስላሳ ነው" የሚል አይጠፋም። ለስላሳ ነው የሚለኝ ሰው አንድ ጨዋታ አጠገቤ ቁጭ ብሎ ይይልኝ። ለኮሜንታተር ደግሞ ይህ ሕግ ፈተና ነው። ሁለት ሴቶች ለፓኳ ሲሽቀዳደሙ አጥሩ ላይ ይላተማሉ፤ ይኼ ጥፋት አይደለም። አንዷ ሆን ብላ ሌላዋን ከገጨች እስር ቤት ነው። ልዩነቱ ሐሳቧ ውስጥ ነው ያለው። በአማርኛ "ተጋጩ" እና "ገጨቻት" ብዬ እለየዋለሁ። ቋንቋችን እዚህ ላይ ቸር ነው። ዳኛው ግን ከእኔ ጋር አይስማማም፤ "ተጋጩ" ስል ፊሽካ ይነፋል።

አባዬ በዚያው ሰሞን "እኛስ የለንበትም?" ብሎኝ ነበር። ሆኪ ላይ የለንም። የክረምት ኦሊምፒክ ላይ ግን ሮቤል ተክለማርያም ነበረ። እ.ኤ.አ. በ2006 ቱሪን፣ በ2010 ቫንኩቨር በበረዶ ሸርተቴ ኢትዮጵያን ወክሎ ብቻውን ሮጧል። አባዬ "ብቻውን?" አለና ዝም አለ።

ቃል ፍለጋው የእኛ ቤት ጣጣ ብቻ ይመስለኝ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2018 ፒዮንግቻንግ ላይ የሰሜንና የደቡብ ኮሪያ ሴቶች አንድ ቡድን ሆነው ተጫወቱ። ውድድሩ ሊጀመር ሳምንታት ሲቀሩት 12 የሰሜን ተጫዋቾች ከደቡቦቹ ጋር ተቀላቀሉ። ቋንቋቸው አንድ ነው። ሆኪ ላይ ግን አልተግባቡም። ደቡቦቹ "ፓስ" የመሰለውን ሁሉ ከእንግሊዝኛ ወስደዋል። ሰሜኖቹ ለእያንዳንዱ የራሳቸው የኮሪያ ቃል አላቸው። ስለዚህ ትንሽ መዝገበ ቃላት ተሠራላቸው። ስዊዘርላንድ 8 ለ 0፣ ስዊድን ሌላ 8 ለ 0 አሸነፏቸው። ከጃፓን ጋር 4 ለ 1 ሲሸነፉ ግን አንዷን ጎል አገቡ። ለዚያች ጎል ቤት ውስጥ ብቻዬን አጨበጨብኩ። ያን ጊዜ የእኔም መዝገበ ቃላት ግማሽ ደብተር ሞልቶ ነበር።

ከዚያ በኋላ ሥራ አገኘሁና ሐረጎን ወርጄ ኮምቦልቻ ገባሁ። ደሴ ቅርብ ናት፣ ሃያ ምናምን ኪሎ ሜትር ብቻ። የተከራየሁት ቤት ግን ቴሌቪዥን አልነበረውም። ጨዋታ በስልክ አያለሁ። ለአባዬስ?

ሚያዝያ 6 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ እሁድ ማታ። የዓለም ሻምፒዮና ፍጻሜ፣ ኤስፖ፣ ፊንላንድ። ነገሩ ተራ አልነበረም። እ.ኤ.አ. ከ1990 ጀምሮ እስከዚያ ድረስ በእያንዳንዱ የዓለም ሻምፒዮና ፍጻሜ የደረሱት ካናዳና አሜሪካ ብቻ ነበሩ። ይኼ የሚያሰለች ነገር እንደሆነ የዚህ ስፖርት ወዳጅ ሁሉ በሆዱ ያውቃል። ያን ዓመት ፊንላንዶች በገዛ ሜዳቸው ካናዳን በግማሽ ፍጻሜ 4 ለ 2 ጣሏት። ስለዚህ የጓደኛዬን ስልክ ተዋስኩ። በአንዱ ስልክ እያየሁ በሌላው ለአባዬ አወራለሁ። ከኮምቦልቻ ደሴ በቀጥታ ስርጭት።

አቦል፣ ቶና፣ በረካ አለቀ። 1 ለ 1። የፊንላንዷ በረኛ ኖራ ራቲ ተዓምር እየሠራች ነው። ጭማሪ ሰዓት ላይ ፔትራ ኒየሚነን አገባች። ጮህኩ። አባዬ ጮኸ። እቴቴ ምን እንደተፈጠረ ሳታውቅ እልል ስትል በስልኩ ሰማሁ። ፊንላንዶቹ ጓንታቸውን እየወረወሩ ተቃቀፉ። ከዚያ ዳኞቹ ቪዲዮ ሊያዩ ሄዱ።

አምስት ደቂቃ። ሰባት። "ምን እያሉ ነው?" ይላል አባዬ። "እያዩ ነው" እላለሁ። አሥር ደቂቃ አለፈ። በመሀል "ቀሪ ሂሳብዎ" የሚለው መልእክት መጣ። ካርዴ አለቀ። መስመሩ ተቋረጠ።

ጎሉ ተሻረ። የአሜሪካዋ በረኛ ተነክታለች ተባለ። በመለያ ምት አሜሪካ 2 ለ 1 አሸነፈች። ያን ሰዓት ኮምቦልቻ ላይ ካርድ የሚሸጥ ሱቅ ተዘግቷል። ጠዋት ደውዬ ለአባዬ ስነግረው ረጅም ጊዜ ዝም አለ።

"አልተሻረም" አለ በመጨረሻ።

"ተሽሯል አባዬ።"

"አየሁት እኮ!"

እስከ ዛሬ ለአባዬ የዚያ ዓመት የዓለም ሻምፒዮን ፊንላንድ ናት። ቪዲዮውን ደጋግሜ አይቼዋለሁ። በእኔ ዐይንም በረኛዋ ከክልሏ ወጥታ ነው የተላተሙት። እኔም ብሆን አልሽረውም ነበር። እንግዲህ ለእሱ ባደላ ይፈረድብኛል?

ያው ዓመት ለሴቶቹ መጥፎ ዓመት ነበር። ከሻምፒዮናው ጥቂት ቀናት በፊት የካናዳ የሴቶች ሊግ ሊዘጋ መሆኑን አስታወቀ። ሁለት መቶ የሚሆኑ ተጫዋቾች ደህና ሊግ ካልተቋቋመ አንጫወትም አሉ። የፈለጉት ሊግ የተጀመረው ጥር 1 ቀን 2024 ነው፣ በፈረንጅ። በዚያው ዓመት ሚያዝያ ሞንትሪያል ላይ አንድ ጨዋታ 21,105 ሰው አየው።

ወደ የካቲት 10 ቀን 2014 ዓ.ም. ልመለስ። የቤጂንግ ኦሊምፒክ ፍጻሜ፣ ካናዳና አሜሪካ፣ እንደገና። በእኛ ሰዓት ከጠዋቱ 1 ሰዓት ከ10። እኔ ያን ጊዜ ወደ ደሴ ተመልሻለሁ። ጥቅምት ላይ ከተማዋን ጥለን ደብረ ብርሃን ገብተን ነበር። ታኅሣሥ ላይ ስንመለስ በሩ ክፍት ነበር። ቴሌቪዥኑ የለም። ዲሹ ግን ጣሪያ ላይ እንደቆመ አለ። እቴቴ ቴሌቪዥኑን አላነሳችም፤ ያንገበገባት ረከቦቱ ነው።

ስለዚህ ስልክ ነው። ስልኩን የስኳር ጣሳ አስደግፌ ጠረጴዛ ላይ አቆምኩት። አባዬ፣ እቴቴ፣ ጠዋት ቡና የምንጠራራ ጎረቤታችን ሐጂያና እኔ። ስክሪኑ የእጅ መዳፍ ያክላል። ፓኳ በትልቁም አልታየች፣ በዚህ ጨርሶ አትታሰብም። ሰዎቹ ራሳቸው ናቸው ዝንብ ያከሉት። አባዬ አልጠየቀም። ዐይኑን ጨፍኖ ጋደም አለና "በይ" አለኝ።

በአቦል ሳራ ነርስ አገባች። ካሜራው ፊቷን ሲያሳይ ሐጂያ ጠጋ ብለው አዩና "ወላሂ ይቺ የኛው ናት" አሉ። አባቷ ከትሪኒዳድ ነው አልኳቸው። "የትም ይሁን" አሉ። ነርስ በዚያ ኦሊምፒክ በጎልና በማቀበል 18 ነጥብ አስመዘገበች፤ በአንድ ኦሊምፒክ ያን ያህል ያገኘች ሴት አልነበረችም። ከዚያ ፑላን አገባች። አባዬ ስሟን ሲሰማ ዐይኑን ገለጠ። "ያቺው?" ያቺው። ቶና ላይ ደገመች። 3 ለ 0። ከዚያ የአሜሪካዋ ሂላሪ ናይት፣ ቡድኗ በእስረኛ ጎድሎ እያለ፣ አንድ መለሰች። በዚያ በኩል አሜሪካኖቹ ይመታሉ፣ የካናዳዋ በረኛ ዴቢያን ትመልሳለች። በጠቅላላው 38 አዳነች። "መለሰች" ማለት ሰለቸኝ። "ቀለበችው"፣ "ጠለፈችው"፣ "ዋጠችው" እያልኩ ቃል መቀያየር ጀመርኩ። ሐጂያ "ዋጠችው" በምለው ቁጥር ይስቃሉ።

በረካው ተቀዳ። 13 ሰከንድ ያህል ሲቀር አማንዳ ኬሰል አገባች። 3 ለ 2። ሁላችንም ወደ ጣሳው ተጠጋን። ፓኳ መሀል ሜዳ ላይ ልትጣል ሲል ስክሪኑ ቀጥ አለ። ያቺ ክብ ነገር መዞር ጀመረች።

"ምን ሆነ?" አለ አባዬ። "ዝም አትበይ እንጂ!"

"አይታየኝም" አልኩ።

እቴቴ ስኒዋን ይዛ ዞራ አየችኝ። "እስከ ዛሬስ ታይሽ ነበር?"

"ተዪያት፣ ትቀጥል" አለ አባዬ።

ክቧ ስትዞር ቆይታ ምስሉ መጣ። ሰዓቱ አልቋል። ካናዳዎች አንዷ በሌላዋ ላይ ተከምረዋል። ቆቡ፣ ጓንቱ፣ ዱላው በረዶው ላይ ተበትኗል። እቴቴ ጎንበስ ብላ በደንብ አየችው።

"ይሄን ሁሉ ማን ሊለቅመው ነው?" አለች፣ ስኒዎቹን መሰብሰብ እየጀመረች።